የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከማሞቂያ ክፍል ወጥቶ ቤት የገባ ልጅ

ባለፈው እትም ያለ ጊዜያቸው ስለሚወለዱ ህፃናት የሆስፒታል ቆይታ ፅፈን ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ስለ ሆስፒታሉ አይደለም፣ ሁሉም ሚጠይቀው "ቤት ከገባን በኋላስ?" ነው። ልክ ናችሁ። ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ነርስ አለች፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ ሐኪም ጠዋት ጠዋት ይዞራል። ቤት ሲመጣ ግን እናትየውና አንዲት የመውጫ ወረቀት ብቻ ናቸው ያሉት፣ ወረቀቷ ላይ ያለው ደሞ የሐኪም እጅ ፅሁፍ ነው፣ ፋርማሲስት ካልሆነ ማን ያነበዋል (የኔም ያው ነው)። ስለዚ የዛሬው አምድ ሙሉ በሙሉ የነሱ ነው። በዋናነት ማወራው ከ28 ሳምንት በፊት ስለተወለዱት፣ በጣም ቀድመው ስለመጡት ነው፣ በ34 እና በ35 ሳምንት የወለዳችሁ አንዳንዱ ላይመለከታችሁ ይችላል፣ ቢሆንም አንብቡት።

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነው? ልጄ በ27 ሳምንት 950 ግራም ሆና ነው የተወለደችው፣ ማሞቂያ ሁለት ወር ቆየች፣ ኦክሲጅን ላይም ብዙ ጊዜ ነበረች። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን 1 ኪሎ ከ900 ሆና ቤት ገብተናል፣ ጡትም ትጠባለች። ስንወጣ ዓይኗን ሌላ ሆስፒታል ወስዳችሁ አሳዩ ብለውን ነበር፣ ግን ዓይኗ ምንም አልሆነም፣ መብራት ሲበራ ትጨፍናለች፣ አያዥም፣ በዛ ላይ ብርድ ነው፣ ይዣት መንከራተት ፈራሁ። ትንሽ ትጠንክርና ሶስት ወር ሲሞላት ብወስዳትስ? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ አይሆንም። ይቺን ስታነቢ ዛሬውኑ ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ፣ ከተቻለ በዚሁ ሳምንት ውስጥ ትታይ። በቁጣ አይደለም፣ ግን በጣም ቀድመው ከተወለዱ ልጆች ቀጠሮዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ምመርጠው የዓይኑን ነው፣ ሌላው ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ይካካሳል፣ ዓይን አይካካስም።

ነገሩ እንዲ ነው። የዓይን ኳስ ጀርባ ላይ ሬቲና ሚባለው ስስ ሽፋን አለ፣ ብርሃኑን ሚቀበለው እሱ ነው። ሬቲናን ሚመግቡት ደም ስሮች ልጅ ሆድ ውስጥ እያለ ከመሃል ተነስተው ወደ ዳር እያደጉ ይሄዳሉ፣ ዳር ሚደርሱት እርግዝናው 40 ሳምንት አካባቢ ሲሆን ነው። ያንቺ ልጅ በ27 ሳምንት ስትወጣ ደም ስሮቿ ገና መንገድ ላይ ነበሩ ማለት ነው። ከዛ ሳንባዋ እንዲሰራ ኦክሲጅን ሲሰጣት ደም ስሮቹ ማደጋቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ፣ ከሳምንታት በኋላ ደሞ ድንገት ይነሱና ያለ ልክ፣ በማይሆን ቦታ ያድጋሉ፣ ይደማሉ፣ ጠባሳ ይሰሩና ሬቲናውን ስበው ከቦታው ያነሱታል። ከተነሳ በኋላ ማየት መመለስ በጣም ከባድ ነው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ከውጪ ምንም አይታይም፣ ዓይኗ አይቀላም፣ አያብጥም፣ አያለቅስም፣ መብራት ሲበራም ትጨፍናለች። ዓይኗ ደህና መምሰሉ ስለበሽታው የሚነግርሽ ነገር የለም።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። በ27 ሳምንት ለተወለደ ልጅ የመጀመሪያው የዓይን ምርመራ በተወለደ 4ኛው ሳምንት አካባቢ ነው መሆን ያለበት፣ ከዛ በፊት ለተወለዱት ደሞ እርግዝናው 31 ሳምንት ይሞላ በነበረበት ሰሞን። ያንቺ ሁለት ወር አለፋት፣ ማለት በእርግዝና ቢቆጠር 35፣ 36 ሳምንት ላይ ነች፣ በሽታው ካለ ብዙውን ጊዜ ሚብሰውና ህክምና ሚፈልገው በትክክል አሁን ነው። ሶስት ወር ልጠብቅ ካልሽ 40 ሳምንት ላይ ትደርሻለሽ፣ ያኔ ሐኪሙ ሊነግርሽ ሚችለው የሆነውን እንጂ ማድረግ ሚቻለውን ላይሆን ይችላል። በጊዜው ከተገኘ ግን ህክምና አለው፣ ሌዘር አለ፣ ዓይን ውስጥ ሚሰጥ መርፌም አለ፣ ከባድ ደረጃ ላይ ነው ከተባለ በሁለት ሶስት ቀን ውስጥ ነው ሚሰራው።

ስቲቪ ወንደርን ታውቂዋለሽ አይደል፣ በ1950 (በፈረንጅ) ስድስት ሳምንት ቀድሞ ተወልዶ ኢንኩቤተር ውስጥ ኦክሲጅን ሲሰጠው ነው በዚሁ በሽታ ዓይኑን ያጣው። ያኔ ኦክሲጅን እንደ ልብ ይለቀቅ ነበር፣ ዓይን እንደሚጎዳ የተረጋገጠው ከሱ ልደት በኋላ በ50ዎቹ ውስጥ ነው። ዛሬ ተለክቶ ነው ሚሰጠው፣ ግን የመለኪያው መሳሪያ በሁሉም ሆስፒታል፣ በሁሉም አልጋ የለም፣ ስለዚ እኛ አገር "ልጄ ብዙም ቀድማ አልተወለደችም" ብሎ መዝናናትም አያዋጣም፣ ኦክሲጅን ላይ የቆየች ከሆነ ጠይቁ።

ስትሄጂ ሬቲና ሚያይ ሐኪም መኖሩን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ተራ የዓይን ክሊኒክ ሄደሽ "ዓይኗ ንፁህ ነው" ተብለሽ እንዳትመለሺ። ብሌኗን ሚከፍት ጠብታ ያደርጉላታል፣ ቆይቶ ነው ሚሰራውና ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ፣ ከዛ የዓይን ቆቧን በትንሽ መያዣ ከፍተው ያያሉ። ታለቅሳለች፣ ለማየት ደስ አይልም፣ ግን ደቂቃዎች ናቸው። ልክ ከመግባቷ በፊት አታጥቢያት፣ ታስመልሳለች፣ ቀደም አድርገሽ አጥቢያትና ሲያልቅ ወዲያው ጡት ስጫት። ብርዱን በተመለከተ፣ ራቁቷን በዳይፐርና በኮፍያ ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ከላይ ነጠላና ጋቢ ደርበሽ ሂጂ፣ ከየትኛውም ብርድ ልብስ ይሞቃል። ዋናው ደሞ አንዴ ታይታ ደህና ናት ከተባለ አለቀ ማለት አይደለም፣ ደም ስሮቹ ዳር ደርሰዋል እስኪባል በየሳምንቱ ወይ በየሁለት ሳምንቱ ትመለሻለሽ።

በነካ እጅሽ ጆሮዋንም ጠይቂ። ማሞቂያ ሳለች ጀንታማይሲን ሚባለውን አንቲባዮቲክ ከወሰደች (አብዛኞቹ ይወስዳሉ)፣ ቢጫ ከነበረች፣ ማሽን ላይ ከቆየች የመስማት ምርመራ ያስፈልጋታል። በር ሲዘጋ መደንገጧ ምርመራ አይደለም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር። ልጄ ልጇን በሰባት ወሯ ሳይሞላ ነው የተገላገለችው፣ ልጁ እፍኝ አይሞላም ነበር፣ አሁን ተመስገን ነው። እኔ ግን ያልገባኝ ነገር አለ፣ ሌትና ቀን ደረቷ ላይ ለጥፋው ነው ውላ ምታድር፣ ቁጭ ብላም ነው ምትተኛ፣ ይሄ ልጁን ማሞላቀቅ አይሆንም ወይ? ቅቤ ላስልሰው ብል እሪ አለች፣ ጠዋት ፀሐይ ላሙቀው ብል ከለከለችኝ፣ ቡና እንኳ ቤት ውስጥ አይቆላም አለች። እኔ ስምንት ልጅ አሳድጌያለሁ። (አያት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እማማ ስምንት ማሳደግ ቀላል አይደለም፣ እጅ ነስቻለሁ። ግን በዚህኛው ነገር ልጅዎ ልክ ናት፣ እንደውም ብርቱ ናት። ደረቷ ላይ ለጥፋ ማደሯ ህክምና ነው፣ ካንጋሮ ይባላል፣ በ1978 (በፈረንጅ) ቦጎታ በምትባል የኮሎምቢያ ከተማ ኢንኩቤተር አልበቃ ሲላቸው ሐኪሞች የጀመሩት ነገር ነው፣ ሲታይ ከማሽኑ ማነስ ይቅርና ሚበልጥበት ነገር ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲ ይያዝ ይላል፣ በአምስት አገር ሆስፒታሎች በተሰራና በ2021 በታተመ ጥናት ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ወዲያው ደረት ላይ ሲውል፣ መጀመሪያ ማሽን ላይ ቆይቶ እስኪረጋጋ ከተጠበቀው ይልቅ በመጀመሪያው ወር ሚሞተው በሩብ ያህል ቀንሷል። ሚሞላቀቅ ዕድሜ ላይ አይደለም እማማ፣ ሆድ ውስጥ መሆን የነበረበት ልጅ ነው።

ደሞ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ካንጋሮ በእናት ብቻ አይደለም ሚሰራው። እርስዎም ይችላሉ። እጅዎን እስከ ክርን በሳሙና ይታጠቡ፣ ልብስዎን ከፍተው ልጁን ደረትዎ ላይ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፣ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዞሮ አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይደፋ ትንሽ ቀና ይበል (ከተደፋ ትንፋሹ ይዘጋል)፣ እግሩ እንደ እንቁራሪት ይታጠፍ፣ ከዛ በነጠላ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። እርስዎ ሁለት ሰዓት ሲይዙት ልጅዎ ሁለት ሰዓት ትተኛለች፣ ከገንፎውም ከአጥሚቱም በላይ ያን ነው ምትፈልገው። ጉንፋን ካለብዎ ግን አይያዙት፣ ቅር እንዳይልዎ።

ቅቤው ይቅር። ልጅዎ ሰስታ አይደለም፣ እነዚ ልጆች መምጠጥ፣ መዋጥና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ ገና እየለመዱ ነው፣ ቅቤ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ውሃም፣ አብሽም፣ ስኳርም እንደዛው፣ የጡት ወተትና ሐኪም ያዘዘው ጠብታ ብቻ። እንጥል ማስቆረጥ ሚባል ነገር ሰው ቢያነሳ ደሞ እባክዎ እርስዎ ይከላከሉለት። ፀሐዩን የከለከለችው የደሴን ብርድ አይታ ይመስለኛል፣ ሁለት ኪሎ ያልሞላን ልጅ ጠዋት ማራቆት በደቂቃዎች ውስጥ ሙቀቱን ያወርደዋል፣ ቫይታሚን ዲውን በጠብታ ያገኘዋል።

ቡናውን ግን አልከለክልም ኧረ! ይቆላ፣ በረንዳ ላይ ይቆላ፣ ጭሱ አልቆ ሲፈላ ይግባ። ዕጣኑ ይቆይ። የነዚ ልጆች ሳንባ በጣም ስስ ነው፣ ማሽን ላይ የቆየ ሳንባ ደሞ ጠባሳ አለው፣ እኛ ማይሰማን ጭስ እሱን ሆስፒታል ይመልሰዋል። ከሰል ማንደጃ ልጁ በተኛበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሳደር በምንም አይነት አይሆንም፣ ይሄ ለልጁ ብቻ አይደለም፣ ለሁላችሁም ነው። አራስ ጠያቂውን እርስዎ በር ላይ ይቀበሉልን፣ እናትየው "አይግቡ" ብትል ትታማለች፣ እርስዎ ሲሉ ግን ማንም ቅር አይለውም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድ ልጄ በ26 ሳምንት ተወልዶ 40 ቀን ሲሞላው ገና ሆስፒታል ነበር፣ ክርስትናው አለፈን። አሁን ሶስት ወር ሊሆነው ነው፣ 2 ኪሎ ከ300 ነው፣ ቤተሰብ ክርስትና ይነሳ እያለ ነው፣ እኔ ቅዳሴ ላይ በዛ ብርድ ውሃ ውስጥ ሲነከር ታየኝና ፈራሁ። 40 ቀኑስ መወለድ ከነበረበት ነው ወይስ ከተወለደበት ሚቆጠረው? (አባት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ወንድሜ የመጨረሻውን ጥያቄ ለንስሐ አባትህ ነው ማሻግረው፣ እሱ ላይ እኔ ከገባሁ ሁለታችንም እንገሰፃለን። በህክምናው በኩል ግን ላውራህ። የታመመና ለህይወቱ ሚያሰጋ ልጅ 40 ቀን ሳይጠበቅ እንደሚጠመቅ ካህናቱ ራሳቸው ያውቃሉ፣ ስለዚ ቀኑን በተመለከተ ቤተክርስቲያን ስለ ህፃን ሁኔታ ማታስብ አይደለችም፣ ሄደህ ችግሩን በግልፅ ንገራቸው፣ ብዙ ወላጆች ሚፈሩት ሳይጠይቁ ነው።

ልጁ ያለ ኦክሲጅን ከሆነ፣ ኪሎው በየሳምንቱ ከጨመረ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ካላመመው፣ ክርስትናው ይቻላል። እኔ ብሆን ግን ምለምነው ሶስት ነገር ነው፦ ውሃው ለብ ይበል፣ ወረፋ ላይ ልብሱ ወልቆ እንዳይጠብቅ ተራው ሲደርስ ብቻ ይውለቅ፣ ከውሃው ሲወጣ ደረቅ ፎጣ የያዘ ሰው አጠገብ ይቁም። ጭንቅላቱ ቶሎ ይድረቅ፣ እነዚ ልጆች ከሰውነታቸው አንፃር ጭንቅላታቸው ትልቅ ስለሆነ ሙቀት በብዛት ሚያጡት በሱ ነው። ሜሮኑ ከተቀባ በኋላ ኮፍያ አድርጎ እናቱ ደረት ላይ ይግባ። ድግሱ ደሞ ሌላ ቀን፣ ወይ ልጁ በሌለበት፣ መቶ ሰው ጉንጩን እየሳመ ሚውልበት ድግስ ነው ከውሃው በላይ እኔን ሚያስፈራኝ።

ቤት ቴርሞሜትር ይኑራችሁ፣ ብብቱ ላይ 36.5 እስከ 37.5 ደህና ነው፣ ከ36.5 ከወረደ ካንጋሮ ይያዝና ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይለካ፣ ከ35.5 በታች ወይ ከ38 በላይ ከሆነ ግን ሆስፒታል ነው፣ ነገ ሚባል ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ልጄ በ26 ሳምንት ነው የተወለደው፣ አሁን ድፍን 6 ወሩ ነው። የጎረቤቴ ልጅ እኩያው ነው፣ ይቀመጣል፣ ይገለበጣል። የኔ ገና አንገቱን እያፀና ነው፣ ሰው ሁሉ "ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው" ይለኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ። ክትባቱንም ትንሽ ነው ብዬ አስተላልፌዋለሁ። (እናት፣ ከባህር ዳር)

መልስ፦ በመጀመሪያ የጎረቤትሽ ልጅ እኩያው አይደለም። ወረቀት አምጪ። እርግዝና 40 ሳምንት ነው፣ ልጅሽ በ26 መጣ፣ 14 ሳምንት ቀደመ ማለት ነው። አሁን 6 ወር ማለት 26 ሳምንት ነው፣ ከ26 ላይ 14 ቀንሺ፣ 12 ሳምንት። ልጅሽ በዕድገት ሚለካው ሶስት ወር እንዳልሞላው ልጅ ነው፣ ሶስት ወር ያልሞላው ልጅ ደሞ አንገቱን እያፀና ነው ሚገኘው፣ በቃ ልክ ቦታው ላይ ነው ያለው። አንገት፣ መቀመጥ፣ መሄድ፣ ማውራት፣ ኪሎና ቁመት፣ ይሄ ሁሉ እስከ ሁለት ዓመቱ መወለድ ከነበረበት ቀን ተነስቶ ነው ሚቆጠረው። (ስትቆጥሩ ፈረንጁንና የሐበሻውን ቀን አታደባልቁ፣ አልትራሳውንዱ በፈረንጅ፣ ካርዱ በሐበሻ ይሆንና ስንት ሰው ተሳስቷል፣ ጳጉሜንም አትርሱ።)

ክትባት ግን ተቃራኒው ነው! ክትባት ሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው፣ ኪሎው አነሰ፣ ቀደመ ተብሎ አይቀነስም፣ የዶዙ መጠንም አይቀነስም። በተወለደ 6፣ 10 እና 14 ሳምንት፣ ከዛ የኩፍኙ 9 ወርና 15 ወር። ትንሽ ስለሆነ ነው ቶሎ ሚያስፈልገው፣ እናት ለልጇ በደም በኩል ምታስተላልፈው መከላከያ በብዛት ሚሻገረው በመጨረሻዎቹ ወራት ነው፣ እሱ እነዛን ወራት አላገኛቸውም። ስለዚ ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ያለፈው አለፈ አይባልም፣ ከቆመበት ይቀጥሉልሻል። ካርዱ ላይ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ሚለው ባዶ እንዳይሆንም እዪ፣ ትንንሾቹ ሲወለዱ ሳይሰጣቸው ይቆይና ሆስፒታሉም ጤና ጣቢያውም "እነሱ ሰጥተውታል" ብለው ይተላለፋሉ።

አሁን መጨነቅ ያለብሽ መቼ ነው? በተስተካከለው ዕድሜው 4 ወር ሞልቶት አንገቱ ካልፀና፣ ፊትሽን በዓይኑ ካልተከተለ፣ እጁን ሁሌ ጨብጦ አውራ ጣቱ ውስጥ ከቀረ፣ ዳይፐር ስትቀይሪ እግሩ እንደ እንጨት ድርቅ ካለና እንደ መቀስ ከተጣመረ፣ ወይ በአንድ እጁ ብቻ ሚጫወት ከሆነ። እነዚ ላይ ዝም አትበይ፣ በጣም ቀድመው የተወለዱ ልጆች ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላልና ዱካው እንዲ ነው ሚታየው። ፊዚዮቴራፒ በጊዜ ሲጀመር ትልቅ ልዩነት አለው፣ "ሲያድግ ይተወዋል" ብሎ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው ሚጎዳው። የጭንቅላቱ ዙሪያም በየቀጠሮው በሜትር ይለካ፣ ነርሷ ከረሳች አስታውሺያት፣ ከሚገባው በላይ በፍጥነት ካደገ ውሃ መቋጠር ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክ፣ እኛ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። ልጃችን በ25 ሳምንት ተወልዶ አራት ወር ኒኩ (ማሞቂያ ክፍል) ቆየ፣ ቤትም ኦክሲጅን ይዞ ነው የመጣው፣ በደቂቃ ሩብ ሊትር ነበር፣ ከወር በፊት አወለቁለት። አሁን 8 ወሩ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ አሟታል፣ ለገና ይዘነው ሄደን ብታየው ብለን ቲኬት እያየን ነው። ሐኪሙን ስንጠይቅ ስለ ፍላይቱ ብቻ ነው ያወራን። (ወላጆች)

መልስ፦ የእናት ነገር ከባድ ነው፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። ግን ሐኪምህ አንድ ነገር ያላወቀ ይመስለኛል፣ አልነገርከው ይሆናል። አውሮፕላን ሲበር ውስጡ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ተራራ አየር ይሳሳል፣ እዛ ላይ መተንፈስ ማለት ባህር ዳርቻ ላይ 15 በመቶ ኦክሲጅን እንደመተንፈስ ነው (መደበኛው 21 ነው)። ለዚህ ነው ስለ በረራው የተጨነቀው። ችግሩ አዲስ አበባ ራሷ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት! ሲልቨር ስፕሪንግ ደሞ ከባህሩ ብዙም ከፍ አይልም። ልጁ ከአውሮፕላን ሲወርድ ፈተናው አያልቅም ማለት ነው፣ ሶስት ሳምንት ብትቆዩ ሶስት ሳምንቱን ሙሉ ልክ አውሮፕላን ውስጥ እንዳለ ነው ሚተነፍሰው፣ እንቅልፉንም ጭምር። እኛ እዚ ተወልደን ያደግን ሰዎች ስለማይሰማን አናስበውም።

ከወር በፊት ከኦክሲጅን የወጣ ሳንባ ይሄን ላይችል ይችላል። የሳንባ ሐኪሙን "አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ናት፣ ይሄን ያህል ቀን ነው ምንቆየው" ብለህ ቁጥሩን ንገረው፣ ስስ አየር እያስተነፈሱ ኦክሲጅኑ እስከ ስንት እንደሚወርድ ሚለኩበት ምርመራ አላቸው፣ እሱን ይስሩለት። ኦክሲጅን ያስፈልገዋል ከተባለ የራስህን ሲሊንደር አውሮፕላን ላይ ይዘህ አትገባም፣ በባትሪ ሚሰራ የተፈቀደ ማሽን ነው፣ አየር መንገዱን አስቀድመህ ማስፈቀድ አለብህ፣ አዲስ አበባም ደርሰህ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርግ አሁኑኑ አስብ። የኔን ሐሳብ ከጠየቅከኝ፣ ዘንድሮ አንዳችሁ ብቻችሁን ሄዳችሁ እናትህን ጠይቁ፣ ልጁ በቪዲዮ ይታይ፣ ሳንባ ከዓመት ዓመት አዲስ ክፍል እየጨመረ ሚያድግ ነገር ነው፣ ከዓመት በኋላ ሌላ ልጅ ነው ይዛችሁ ምትሄዱት። እናት ይሄን መስማት እንደሚከብዳት አውቃለሁ።

ሌላው፣ ገና በፈረንጅ ጃንዋሪ 7 ነው፣ እናንተ ጋር አር ኤስ ቪ ሚባለው ቫይረስ ሚያጥለቀልቅበት ሰሞን። ለአዋቂ ተራ ጉንፋን ነው፣ ለሱ ግን ማሽን ላይ ሊመልሰው ይችላል። ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለህፃናት ሚሰጥ፣ አንዴ ተወግቶ አንድ ወቅት ሚያቆይ የመከላከያ መርፌ አለ፣ ኒርሴቪማብ ይባላል፣ ወስዶ እንደሆነ ጠይቁ፣ የሳንባ ችግር ላለባቸው በሁለተኛውም ክረምት ሚሰጥበት አግባብ አለ። ቤተክርስቲያንና ማህበር ላይ ልጁን ከእጅ እጅ ማዟዟሩንም ለዚህ ክረምት ተዉት፣ ሰው ይረዳል።

አጫጭሮቹን ደሞ ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

የአይረን ጠብታ ከጀመረች ጀምሮ ሰገራዋ ጠቆረ ላላችሁ እናት፣ ሚጠበቅ ነው፣ አታቋርጡ። ብረት ከእናት ወደ ልጅ በብዛት ሚተላለፈው በመጨረሻዎቹ ወራት ስለሆነ እነዚ ልጆች ባዶ ጎተራ ይዘው ነው ሚመጡት፣ በቀን በየኪሎው ከ2 እስከ 4 ሚሊግራም ያስፈልጋቸዋል፣ ብዙ ጊዜ እስከ ዓመታቸው። እኔን ሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ 1 ኪሎ ከ800 ሳለች የታዘዘላትን መጠን አሁን 4 ኪሎ ሆናም እየሰጣችኋት ነው። በየወሩ ኪሎዋ ተለክቶ መጠኑ ይስተካከል። ፋርማሲ ሌላ ብራንድ ከሰጣችሁም በሲሪንጁ ስንት እንደሆነ እንደገና አስጠይቁ፣ የጠብታዎቹ ውፍረት ይለያያል።

ከድሬዳዋ "የወሊድ ፈቃዴ ልጄ ሆስፒታል እያለች አለቀ፣ ስራ ስገባ የታለበው ወተት ስንት ሰዓት ይቆያል?" ያልሽኝ እህቴ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፣ ማሞቂያ ክፍል የቆየ ልጅ እናት ላይ እንዴት እንደሚያልፍ ያወጡት ሰዎች አንድ ሳምንት እዛ ወንበር ላይ ቢያድሩ ጥሩ ነበር። የዓመት ፈቃድሽን ጨምሪበት፣ ከሐኪሟ የህክምና ማስረጃ አፅፈሽ አለቃሽን ፊት ለፊት አናግሪ። ወተቱ በ25 ዲግሪ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ነው ሚባለው፣ ድሬ ላይ ግን 25 ዲግሪ የት ይገኛል፣ አንቺ ወዲያው ፍሪጅ አስገቢ፣ ፍሪጅ ከሌለ በሰዓቱ ውስጥ ትጠጣው። በጡጦ ሳይሆን በሲኒ ይስጧት፣ ሲኒ ለማጠብም ይቀላል።

"ሲተኛ ትንፋሹ ቆም ይልብኛል" ላላችሁ ሁለት እናቶች፣ አምስት አስር ሰከንድ ቆም ብሎ ተከታትሎ መተንፈስ በነዚ ልጆች ይታያል። 20 ሰከንድ ከደረሰ፣ ወይ ሳይደርስም ከንፈሩ ከጠቆረና ከዛለ ግን አደጋ ነው፣ የውስጥ እግሩን ፈተግ ፈተግ፣ ጀርባውን ሻሸት አድርጉት፣ አትነቅንቁት፣ ቢመለስም ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ስር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ካቃሰተ፣ ጡት እንቢ ካለም እንደዛው። ከካንጋሮ ውጪ ሲተኛ በጀርባው፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ።

የመጨረሻው፣ ወንድ ልጁ ሲያለቅስ ብሽሽቱ ጋ እብጠት ሚወጣበት አባት። ሄርንያ (አንጀት በብሽሽት በኩል ሲወጣ) ነው ሚመስለው፣ ቀድመው በተወለዱ ወንዶች ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ በራሱ አይጠፋም፣ የህፃናት ቀዶ ህክምና ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይያዝለት። ሳንቲም አስሮ መጠቅለሉን ተዉት። እስከዛ ድረስ ሲረጋጋ እየተመለሰ ከሆነ ጊዜ አላችሁ፣ ጠንክሮ ከቀረ፣ ከቀላ፣ ልጁ ካስመለሰና ማልቀሱን ካላቆመ ግን ቀጠሮውን አትጠብቁ፣ ጡትም ሌላም ነገር ሳትሰጡት በቀጥታ ኢመርጀንሲ።